ቢጫው ክዳን

ድካም ሰውን ምን ያደርገዋል ብትሉኝ፣ አቋራጭ ያስለምደዋል እላችኋለሁ። ከመጽሐፍ ያገኘሁት አይደለም። በእኔ ጥፋት አንድ ሽማግሌ ገበሬ የዓመት ቀለቡን አጥቷል፤ በዚያው ጥፋት አንዲት ሴት ካገሯ ልትባረር ስትል ዝም ብዬ ቆሜ አይቻለሁ። ነገሩ ካለፈ ጥቂት ክረምቶች ሆኖታል።

ያኔ ከቁሐር ሚካኤል ወዲያ ባለች፣ ስሟን ብተወው በሚሻል አንዲት ጎጥ የግብርና ባለሙያ ነበርኩ። ባለቤቴና ልጆቼ ወረታ ናቸው። እኔ ከሰኞ እስከ ዓርብ ጭቃው ውስጥ፣ ቅዳሜና እሑድ ከተማ። የፎገራን ክረምት የማያውቅ ሰው "ሜዳ አይደል እንዴ፣ ምን ያስቸግራል?" ይላል። ወንዞቹ ሲሞሉ መንገዱም ማሳውም ደጁም አንድ ውኃ ይሆናል፤ ቦቲ ጫማን አንዴ እያጠለቁ አንዴ እየተሸከሙ መሄድ ነው። አሥራ አራት ዓመት እንዲህ ሄድኩ። ወረታ እንዲያዛውሩኝ ያመለከትኩት ደብዳቤ አለቃዬ ጠረጴዛ ላይ ነበር፤ "ዘንድሮስ ይሆንልሃል" ተብዬ ነበር።

በዚያ ላይ የጎልማሶች ትምህርት ጫኑብኝ። ማክሰኞና ሐሙስ ከቀትር በኋላ በገበሬዎች ማሠልጠኛው አዳራሽ ፊደል አስተምራለሁ። ሲጀመር አዳራሹ ሞልቶ ነበር። የሩዝ ዘር ሲደርስ ግማሹ ቀረ፤ አረም ሲደርስ የቀረውም ቀረ። አልፈረድኩባቸውም። ሲያርም የዋለ ሰው ሀ ሁ ሲሉት ያንቀላፋል። ሪፖርቴ ላይ ግን "ለዘላቂ ልማት የጎልማሶች የትምህርት ተሳትፎ እያደገ ነው" ብዬ እጽፋለሁ። ውኃ ቢወቅጡት እምቦጭ እንዲሉ፣ በየወሩ ያንኑ እጽፋለሁ፣ በየወሩ ያንኑ ይቀበሉኛል።

አንድ ሰው ብቻ ቀርቶ አያውቅም፤ እትዬ ፈንታነሽ። ሃምሳን ያለፉ ሸክላ ሠሪ ናቸው። በእኛ አገር የሸክላ ሠሪ ማሰሮ ይገዛል፣ በማሰሮውም ተሠርቶ ይበላል፤ ከሠሪው ጋር ግን ማዕድ አይቀረብም። ዓይናቸው ሰው ይበላል ይባላል። ቡዳ የምትለዋን ቃል ፊት ለፊት የሚናገራት የለም፤ ከኋላ የማይናገራትም የለም። እትዬ ፈንታነሽ ከበሩ አጠገብ በመጨረሻው አግዳሚ ወንበር ለብቻቸው ይቀመጣሉ። እሳቸው በሌሉበት እንኳ ያን ወንበር ማንም አይቀመጥበትም። እኔም አንድ ቀን "ወደ ፊት ይምጡ" ብያቸው አላውቅም። ምን ነገር ፍለጋ ነው፣ ብዬ ነው።

ሲያነቡ ፊደሏን አንድ በአንድ ነው የሚለቅሟት። "ወ... ን... ዝ... ወንዝ" እስኪሉ ድረስ ሰዓቴን ሦስት ጊዜ አያለሁ። ደብተር ብዙም አይሆንላቸውም። አንድ ጊዜ በቤታቸው ሳልፍ እንዳየሁት፣ የሚለማመዱት በእርጥብ ጭቃ ላይ በስንጥር ነው፤ ሲሳሳቱ በአውራ ጣታቸው ይደመስሱና እንደገና ይጽፋሉ። ስልችት ባለኝ ቀን እንዲህ አልኳቸው።

"እትዬ ፈንታነሽ፣ በዚህ ዕድሜዎ ይህ ሁሉ ልፋት ለምንዎ ነው?"

"ገበያ ስወርድ በየበሩ የተለጠፈው ጽሑፍ ሁሉ ስለእኔ የተጻፈ ይመስለኛል፣ መምህር። አለመሆኑን በዓይኔ ልየው ብዬ ነው።"

እኔ ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም።

ወደ ክዳኑ ልመለስ። ሩዝ በፎገራ ጠላቱ አረም ነው። ለማረም ሰው ስላነሰ ገበሬው ወደ ፀረ አረም ዞሯል። ሁለት ዓይነት ይመጣል። አንዱ አረሙን ገድሎ ሩዙን ይምራል። ሌላው አረንጓዴ የሆነውን ሁሉ የሚጨርስ፣ ለመንገድ ዳርና ለጦም አዳሪ መሬት የሚሆን ነው። ልዩነቱ ዕቃው ላይ ተጽፏል፤ ከእንግሊዝኛው ሥር አማርኛው በደቃቅ ፊደል አለ። እሱን እንዴት እንደሚያነቡ ማስተማር ነበረብኝ። ነገር ግን ሥልጠናው የግማሽ ቀን ነበር፣ እኔም ደክሞኝ ነበር። ያኔ የሚመጣው የሩዙ ክዳኑ ቢጫ፣ የሌላው ቀይ ስለነበር፣ "ፊደል ያልቆጠራችሁ አትጨነቁ፤ ቢጫው ለሩዝ፣ ቀዩ ለመንገድ" አልኳቸው። ወደዱት። በአንድ ሳምንት ውስጥ እንደ መዝሙር ሁሉም ቃሉን ያዘ። አለቃዬም በስብሰባ ላይ ቀላል ዘዴ ብሎ አመሰገነኝ።

በዚያ ክረምት፣ ሐምሌ ሊያልቅ ሲል፣ ስድስት ባለማሳዎች ተስማምተው በአንድ ቀን በወንፈል፣ ተራ በተራ እየተጋገዙ፣ ሊረጩ ተነሡ። ለሠርቶ ማሳያ ይሆነኛል ብዬ ቅጽ ይዤ ሄድኩ። መጀመሪያ የሚረጨው የአያ ደሴ ሁለት ጥማድ ማሳ ነው። አያ ደሴ ነገር የማያበዙ፣ ሰው ሲናገር መሬት መሬት የሚያዩ ሽማግሌ ናቸው። የወንድማቸው ልጅ ቢያድግልኝ ግን ሌላ ነው። አምስተኛ ክፍል ደርሷል፣ ፈጣን ነው፣ ሳቁም ቁጣውም ቅርብ ነው። የስድስቱንም መድኃኒት ከወረታ ገዝቶ ያመጣው እሱ ነው። ድንበሩ ላይ ደረደረው፤ ሁሉም ቢጫ ክዳን። ክዳኑን አየሁ፣ ቅጼን መሙላት ጀመርኩ።

እትዬ ፈንታነሽ የሸክላ አፈር ቆፍረው ሲመለሱ በድንበሩ በኩል መጡ። ቅርጫታቸውን አዝለዋል። እንደ ወትሮው ሰው ካለበት ፈንጠር ብለው ሊያልፉ ነበር፤ ከዕቃዎቹ አጠገብ ሲደርሱ ቆሙ። አልነኩም። ቅርጫቱን እንዳዘሉ ቁጢጥ አሉና ከንፈራቸውን ማንቀሳቀስ ያዙ። ቢያድግልኝ የመጀመሪያውን መርጫ ሞልቶ ጀርባው ላይ እያነገተ ነበር።

"መምህር" አሉኝ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "ይህ እኮ ለሰብል አይደለም ይላል። ያደርቃል ይላል።"

ሰው ሁሉ ዞረ። በዚያ ሜዳ ላይ የተሰማው "ያደርቃል" የምትለዋ ብቻ ናት።

"ምን አለች?" አለ ቢያድግልኝ። "ሩዙ ይደርቃል ነው የምትለው?"

"ወረቀቱ ነው እንዲያ የሚል።"

"በጧት አታሟርቺብን። ሂጂ፣ መንገድሽን ሂጂ።"

ልብ በሉ፤ እናቱ የሚሆኑ ሴት ናቸው፣ አንቺ ነው የሚላቸው። እሳቸው የሚያዩት እኔን ነው። እኔ ከዕቃው አሥር እርምጃ ብራቅ ነው። ሄዶ ጎንበስ ብሎ ማንበብ ነበር፤ ሥራው ይኸው ብቻ ነበር። ቦቲዬ ውስጥ ውኃ ገብቷል፣ ፀሐዩ አናቴን እየበላው ነው፣ ገና አምስት ማሳ ይቀራል። ደግሞም በሰው ፊት በእሳቸው ልታረም ነው።

"ፊደሉ ገና አልገባዎትም፣ እትዬ ፈንታነሽ" አልኳቸው። "ተምታቶብዎት ነው። ክዳኑን አያዩትም? ቢጫ ነው።"

ሰው ሳቀ። እሳቸው ቅርጫቱን ከፍ አድርገው አስተካከሉና ሄዱ።

የአያ ደሴ ማሳ ተረጨ። ከዚያ ሰማዩ ስለከበደ፣ ዝናቡ መድኃኒቱን ያጥብብናል ብለን የሌሎቹን ለሳምንት አሳደርነው፤ አምስቱም የየራሳቸውን መድኃኒት ይዘው ወደየቤታቸው ገቡ። ዝናቡ ዞሮ ሄደ እንጂ አልመጣም።

በስድስተኛው ቀን ጧት፣ ወረታ ሳለሁ፣ ቢያድግልኝ ደወለ። "ቶሎ ና። ሩዙ ታሟል" አለኝ፤ ሌላ ቃል አልጨመረም። እስከሚያስኬድ በባጃጅ ሄድኩ፣ የቀረውን በእግሬ።

ከሩቅ ታየኝ። የጎረቤቶቹ ማሳ ለምለም ነው፤ የአያ ደሴ ሁለት ጥማድ ብቻ ጠውልጎ ገርጥቷል። ቢጫነቱ በድንበሩ ልክ ቀጥ ብሎ ይቆማል። በሽታ ድንበር አይለይም፤ ድንበር የሚለየው የሰው እጅ ነው። ልቤ ያኔውኑ አወቀው። ባዶዎቹ ዕቃዎች በማሳው ዳር አጥር ላይ ተሰቅለው ነበር። አንዱን አወረድኩና አነበብኩ። "ለሰብል አይረጭም። ማናቸውንም አረንጓዴ ተክል ያደርቃል።" በአማርኛ። በደቃቁ ግን በንጹሕ አማርኛ።

ያደረግሁትን ልንገራችሁ፣ ሳፍርም ቢሆን። ዙሪያዬን አየሁና ዕቃውን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

ሰዎቹ ከማሳው ወዲያኛው ጫፍ ተሰብስበዋል። ስጠጋ እትዬ ፈንታነሽ መሐላቸው፣ በገረጣው ሩዝ ውስጥ፣ እስከ ቁርጭምጭሚታቸው ጭቃ ውስጥ ቆመዋል። ከቤታቸው አምጥተዋቸው ነው። ቡዳ የበላው ሰው የሚድነው በላተኛው ራሱ እንትፍ ሲልበት ነው የሚል ልማድ አለ። ተመካክረው ጨርሰዋል፤ ማሳው ላይ እንትፍ ይበሉ፣ ሩዙ ካላገገመ ጎጡን ለቀው ይሂዱ።

"እንትፍ በይበት፣ ይለቀዋል" አለ ቢያድግልኝ። ድምፁ ውስጥ ቁጣ ብቻ አልነበረም፤ ልመናም ነበረበት። የአጎቱ ሩዝ ነው።

"ምራቄ ሩዝ አያድንም" አሉ።

"ያን ቀን በሁላችን ፊት ይደርቃል ብለሻል። ይኸው ደረቀ። ሌላ ምን ምስክር ያስፈልጋል?"

"ያነበብኩትን ነው የተናገርኩት። መምህር ያውቃሉ።"

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። ቦርሳዬ ትከሻዬ ላይ ከበደኝ። ምን እንዳሰብኩ ታውቃላችሁ? የዝውውሩን ደብዳቤ። አለቃዬ ፊርማውን ሊያኖርበት ነው። ይህ ነገር ከተሰማ ዝውውሩም የለም፣ ምናልባት እንጀራዬም የለም። ዝም ብል ምን ይሆናል? ሴትየዋ ምራቃቸውን እንትፍ ይላሉ፣ ሰዉ ይበተናል። ግን ሩዙ እንደማያገግም እኔ አውቃለሁ። ሥሩ ሞቷል። ከሳምንት በኋላ የት ነው የሚሄዱት? ቢተፉም እኮ አመኑ ማለት ነው። ይህን ሁሉ እያወቅሁ ዝም አልኩ። 

እትዬ ፈንታነሽ ጠበቁኝ። መልስ ሲያጡ ዓይናቸውን ከእኔ ላይ አነሡ። ቁጣ አልነበረባቸውም፤ ቁጣ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ደክሟቸው ነበር። እኔ የማውቀው ድካም የመንገድና የቅጽ ድካም ነው፤ እሳቸው ላይ ያየሁት የዕድሜ ልክ ነው።

"ብተፋ ትለቁኛላችሁ?" አሉና ጎንበስ ማለት ጀመሩ።

"አይትፉ" አልኩ።

ድምፄ ለራሴም እንግዳ ሆነብኝ። ዕቃውን ከቦርሳዬ አወጣሁ። "ሩዙን ያደረቅሁት እኔ ነኝ። ይህ መድኃኒት የሩዝ አይደለም። እሳቸው ነግረውኝ ነበር፣ ሳላነብ አስረጨኋችሁ።"

ማንም አላመነኝም። ከሁሉ የገረመኝ ይኸው ነው። አንዱ "ተማሪው ናት፣ ሊሸፍንላት ነው" አለ። ቢያድግልኝ ራሱን ነቀነቀ።

"ክዳኑ ቢጫ ነው" አለ። "አንተው አይደለህ ያስተማርከን?"

"እኔው ነኝ። ንባብ ማስተማር ሲሰለቸኝ ክዳን አስተማርኳችሁ። ፋብሪካው ክዳን ይለውጣል፣ ነጋዴው ሌላ ያመጣል። አንተም አምስተኛ ክፍል ደርሰሃል ቢያድግልኝ፣ ማንበብ ትችላለህ። ያላነበብከው እኔን አምነህ ነው።"

አያ ደሴ መሬት መሬት እያዩ "ታንብበው" አሉ።

ዕቃውን ለእትዬ ፈንታነሽ ሰጠኋቸው። እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠረጉ፣ ያልደረቀ ጭቃ ያለበትን ጣታቸውን ከፊደሉ ሥር አኖሩ። "ለ... ሰ... ብ... ል..." እንደ ክፍላችን አንድ በአንድ ነው የለቀሙት። ያን ቀን ሰዓቴን አላየሁም። "አ... ይ... ረ... ጭ... ም።" ሁለተኛውን መስመር ሲያነቡ ላባቸው በግንባራቸው ወረደ። የሳቀ ሰው የለም። ጨርሰው ዕቃውን መለሱልኝ። ቢያድግልኝ ከእኔ እጅ ተቀበለና ለራሱ አነበበው። ከዚያ ደግሞ አነበበው። ከዚያ ጭቃው ውስጥ ተቀመጠ።

"ያን ቀን ያልሽው ይህንኑ ነው?" አሉ አያ ደሴ።

"ይህንኑ ነው ያልኩት።"

"እኛ የሰማነው ሌላ ነበር" አሉና ወደ እኔ ዞሩ። "የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም። በሌሎቹ አምስት ሰዎች ቤት ያለውን መድኃኒት ሂድና ሰብስብ።"

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሉ የለ፤ ያን ቀን እስከ ማታ ቤት ለቤት እየዞርኩ ዕቃ ስሰበስብ ዋልኩ። የአምስቱ ሰዎች ሩዝ ተረፈ። የአያ ደሴ አልተረፈም። በመስከረም መጨረሻ አርሰው ጓያ ዘሩበት፤ ሩዝ ሲወቃ ዘመድ ጎረቤቱ ቁና ቁና አዋጣላቸው። ከእኔ ጋር ሰላምታ አላቋረጡም፣ ግን "ባለሙያው" ማለታቸውን ተዉ። በስሜ ነው የሚጠሩኝ።

ለአለቃዬ ሁሉንም ጻፍኩ። ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ፣ ዝውውሩ ቀረ። ይህን የምጽፍላችሁም እዚያው ጎጥ ሆኜ ነው። ድካሙ አልለቀቀኝም፤ ተለወጥኩ ብዬ አላታልላችሁም። የተለወጠ ነገር ቢኖር፣ ሲደክመኝ ትምህርቱን አቋርጬ "ዛሬ ደክሞኛል፣ ነገ እንቀጥላለን" እላለሁ። ፊደልን በቀለም አልተካም። እናንተ አስተማሪዎች፣ ባለሙያዎች፣ የልጅ አባትና እናቶች፣ ለሰው ማሳጠር ጥሩ ነው። ግን ስታሳጥሩ የጣላችሁት ምን እንደሆነ አንድ ጊዜ ተመልሳችሁ እዩ። እኔ የጣልኩት አንዲት ሴት በሰው ፊት የምትታመንበትን ነገር ነበር። ደግሞም ማንበብ አንድ ጊዜ ተምረው የሚጨርሱት ነገር እንዳልሆነ የገባኝ ያኔ ነው። ከዩኒቨርሲቲ የተመረቅሁት እኔ ማንበብ ትቼ ነበር፤ ሲያነቡ የነበሩት እሳቸው ናቸው።

ጎጡ ተለወጠ ወይ ትሉኝ ይሆናል። እንጃ። ሁለት ሴቶች ትምህርት ጀመሩና በእትዬ ፈንታነሽ ወንበር ላይ፣ ከእሳቸው ክንድ ያህል ራቅ ብለው ተቀመጡ። ቢያድግልኝ ይቅርታ አልጠየቃቸውም፣ ግን እርስዎ ማለት ጀምሯል። ውኃ በቤታቸው የጠጣ ሰው እስካሁን አላየሁም።

ነገሩ ካለፈ በኋላ በሦስተኛው ሳምንት፣ ትምህርት ሲያልቅ እትዬ ፈንታነሽ ወደ ኋላ ቀሩ።

"መምህር፣ ወረቀት ይጻፉልኝ" አሉ። "ነገ ላም ይሞታል፣ ሰው ይታመማል። ያን ቀን 'ያኔም ሩዝ አድርቃ ነበር' ይሉኛል። አውጥቼ የማሳየው ማኅተም ያለው ወረቀት ይስጡኝ።"

ደስ ብሎኝ ጻፍኩ። የቢሮ ሰው ነኝና አሳምሬ ጻፍኩት። በተፈጠረው የአሠራር ክፍተት ምክንያት የአቶ ደሴ ሩዝ መድረቁን፣ ወይዘሮ ፈንታነሽ በዚህ ጥፋት እንደማይጠየቁ አሰፈርኩና ማኅተሙን አስመታሁ። ሐሙስ ዕለት ሰጠኋቸው። አጥፈው ይይዙታል ብዬ ስጠብቅ ወንበራቸው ላይ ተቀመጡና ጣታቸውን ከመጀመሪያው ፊደል ሥር አኖሩ። ቆሜ ጠበቅኋቸው። ረጅም ጊዜ ወሰደ።

"የእኔ ስም አለ" አሉ ሲጨርሱ። "የአያ ደሴም አለ። ጥፋት የሚለውም አለ። የእርስዎን ስም አጣሁት።"

"ክፍተት ብዬ የጻፍኩት እኮ..."

"ያጠፋው ሰው ካልተጻፈ፣ ይህን ያነበበ ሰው ጥፋቱን የሚያገኘው ከእኔ ስም አጠገብ ነው።"

ወረቀቱን መለሱልኝ። ቀደድኩትና እዚያው ጠረጴዛ ላይ፣ እሳቸው ከአጠገቤ ቆመው እያዩ፣ በራሴ ስም ጀመርኩ። "እኔ፣ የቀበሌው የግብርና ባለሙያ፣ ሳላነብ" ብዬ እስከ መጨረሻው ጻፍኩት። ማኅተም አስመትቼ ስሰጣቸው ሁለተኛውንም አንድ በአንድ አነበቡት። ከዚያ አጥፈው በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩትና ወደ ቤታቸው ሄዱ።